የአማቴ ኮክ አዲስ አበባ ገባ

አማት ያለው ይፍረድልኝ። አማት የሌለው ደግሞ እስኪያገኝ ድረስ ዝም ብሎ ያዳምጠኝ።

እኔ መካነ ሰላም ውስጥ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። ስንዴው ዋግ ሲመታው፣ ባቄላው ሲጠወልግ፣ ድንቹ መሬት ውስጥ ሲበሰብስ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ማለት ነው። ሰብሉ ባማረበት ዓመት ግን ምስጋናው በቀጥታ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ የእኔን ስም የሚያነሳ የለም። ይህን ከለመድኩት ቆይቻለሁ። ያልለመድኩት በሽታ ከገበሬ ማሳ ተነስቶ አማቴ ጓሮ ሲገባ ነው።

አማቴ እማ ዘሃራ ይባላሉ። ባላቸው፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በሕይወት ሳሉ የተከሏቸው የኮክ ዛፎች አሏቸው። እማ ዘሃራ በዛፎቹ አጠገብ ሲያልፉ ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ ሳያደርጉ አያልፉም። ባለቤቴ በልጅነቷ አጥፍታ ስትሸሽ የምትወጣው እነሱ ላይ ነበር። እኔ ሽማግሌ በላክሁ ጊዜም «እሺ» የተባለው እዚያው ከዛፎቹ ሥር ነው። ሽማግሌዎቹ ኮክ እየበሉ ስለነበር ብዙም አልተከራከሩልኝም ይባላል፤ ቢሆንም ተሳካ።

እነዚህ ዛፎች ታመሙ። ፍሬው ሊበስል ሲል ጉንጩ ላይ አንዲት ቡናማ ነጥብ ትወጣለች። ነጥቧ ትሰፋለች፣ በላይዋ አመድ የመሰለ ሻጋታ ይነሰነስባታል፤ ከዚያ ኮኩ ይበሰብስና ተጨማዶ እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ደርቆ ይንጠለጠላል። እኔ ባለሙያው አማች የፀረ ፈንገስ መድኃኒት ተሸክሜ ደረስኩ። ረጨሁ። በዓመቱም ረጨሁ። ሻጋታው ግን መድኃኒቱን እንደ ሽቶ ተቀብቶ ይበልጥ አማረበት። ገበያ ላይ «የአማቱን ኮክ ያላዳነ የእኔን ስንዴ ሊያድን?» ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። የተናገረው ሰው አይቶኝ ነበር፤ አላፈረም።

ነገሩን ያባሱት ጎረቤታቸው ጋሽ ይመር ናቸው። ከእማ ዘሃራ አጥር ማዶ አዲስ የኮክ ችግኝ ተክለዋል፤ በየማለዳው አጥሩ ላይ ተንጠራርተው የእማ ዘሃራን ዛፎች እንደ ጠላት ጦር ይቃኛሉ። መጨረሻ ላይ የሰፈሩን ሰው ሰብስበው ተናገሩ።

«ይሄ በሽታ አዲስ መጤ ነው። መድኃኒት አይበግረውም። የሁላችንንም ሳይጨርስ ዛፎቹ ተቆርጠው ይቃጠሉ።»

ሰፈሩ መከረ፣ ዘከረ። የበሽታው ማንነትና መላው ክረምቱ እስኪወጣ ካልታወቀ ይቆረጡ ተባለ። እማ ዘሃራ ቁጭ ብለው ሰሙና «መጀመሪያ እኔን ቁረጡኝ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ፣ ለዛፎቹ የሚናገሩ ይመስል፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርኸው ለዚህ አልነበር?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብሉ አልዋጥ፣ እንቅልፉ አልመጣ አለኝ።

አንድ ሥልጠና ላይ የተዋወቅኋት ዶክተር ሰብለ ትዝ አለችኝ። አዲስ አበባ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ፈንገስ ታጠናለች። ደወልኩላት። «በዓይን ሲያዩዋቸው የሚመሳሰሉ ብዙ ናቸው» አለችኝ። «ናሙና አምጣልኝ። ዘረመሉን ከዳር እስከ ዳር እናነበዋለን። ከየትኛው ዘር እንደሆነ፣ መድኃኒቱን የሚቋቋም መሆን አለመሆኑንም ይነግረናል።»

ይህን ለእማ ዘሃራ ማስረዳት የእኔ ሥራ ሆነ።

«ሻጋታ ያነባሉ?» አሉኝ።

«አዎ እማ። ውስጡ የተጻፈ ነገር አለ።»

«ምን ይላል?»

«የማን ልጅ እንደሆነ፣ ዘመዶቹ እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚፈራ…»

«ይሄንማ እኛስ እንግዳ ሲመጣ የምንጠይቀው አይደል? የማን ልጅ ነህ፣ አገርህ የት ነው ለማለት አዲስ አበባ ድረስ ይኬዳል?»

«እሱ ሲጠይቁት አይመልስማ፣ እማ።»

«ወላሂ ባለጌ ነው!» አሉ፤ ነገሩም በዚህ ተዘጋ።

በነገራችን ላይ ያ ሁሉ ጽሑፍ የተጻፈው በአራት ፊደል ብቻ ነው። እኔ በልጅነቴ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ለመድረስ የተገረፍኩት ግርፊያ ሲታሰበኝ በሻጋታው እቀናለሁ። ሙሉ ኑሮውን፣ አበላሉን፣ ተንኮሉን ሳይቀር በአራት ፊደል ጨርሶታል፤ አንድም ሰው አልገረፈውም።

ናሙናውን የመረጥኩት እኔ ራሴ ነኝ። ቲማቲም እንደምታገላብጥ ሴት ዛፍ ለዛፍ እየዞርኩ የበሰበሱትን፣ ከበሰበሱትም የባሱትን ለቀምኩ። በወረቀት ጠቀለልኩ። ከእንስሳት ሐኪም ባልደረባዬ በረዶ የሚይዝ ሳጥን ተውሼ በውስጡ ደረደርኩ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «የእንስሳት ክትባት» ተብሎ ተጽፏል፤ ልፍቀው ብል አልለቅ አለኝ። የእማ ዘሃራ ቤት ለመናኸሪያው ቅርብ ስለሆነ፣ ጠዋት ማልጄ ለመነሳት ስል ሳጥኑን እዚያው አሳደርኩት።

ይህች «አሳደርኩት» የምትለዋ ቃል ናት ጉድ ያመጣችብኝ።

ጠዋት ስደርስ እማ ዘሃራ ሳጥኑን በገመድ ጥፍር አድርገው አስረው በራቸው ላይ ጠበቁኝ። «አብሽር ልጄ!» አሉኝ። «አላህ ያውፍቅህ። ሰው ፊት ታኮራኛለህ።» ሳጥኑ ትንሽ ከበድ አለኝ። ግን አማቱ የመረቁት ሰው ቆሞ ገመድ አይፈታም፤ ተሸክሜ ሄድኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሐጂ ሰይድ የሚባሉ በግ ነጋዴ ነበሩ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና ፊታቸው በራ።

«ልጄ፣ አቀስታ ቤት ያለው ሙክቴ ያስነጥሰዋል። ስንደርስ አንዲት ብትወጋልኝ?»

«ክትባት አይደለም፣ ሐጂ።»

«እዚህ እኮ ተጽፏል!»

«ሳጥኑ ነው እንጂ ውስጡ አይደለም።»

«ታዲያ ውስጡ ምንድን ነው?»

ሰው ሲቸኩል እውነቱን ይናገራል። «በሽታ ነው» አልኳቸው።

ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ጨዋታ ቀጥ አለ። ሐጂ ሰይድ «ላ ኢላሀ ኢለላህ!» ብለው ተነሱ። ከኋላዬ ያሉት ተነሱ፤ ከጎኔ ያሉትም ተነሱ። በእኛ አገር መንገድ ሰው በሰው ላይ እየተደራረበ በሚሄድበት ሚኒባስ፣ እኔ መጨረሻውን ወንበር ብቻዬን ይዤ እግሬን ዘርግቼ ሄድኩ። የኮክ ነው፣ ሰው አይነካም ብዬ ብምል ብገዘት የሚሰማኝ አጣሁ። ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበለኝ እንኳ በሻሹ ጫፍ ይዞ ነው።

አቀስታ ልንገባ ስንል ኬላ ላይ ቆምን። ፈታሹ ሁሉንም ካየ በኋላ ወደ እኔ መጣ።

«ሳጥኑ ይከፈት።»

«ወንድሜ፣ በሽታ አለበት። ለምርምር የሚሄድ ነው። ከተከፈተ ይበላሻል።»

«በሽታ» የምትለዋን ሲሰማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ሥራው ትዝ አለውና ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጣ። ገመዱን ፈታ። ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን በነጠላ፣ በሻሽ፣ ያልያዘም በመዳፉ ሸፈነ። ክዳኑ ተነሳ።

ሽታው ሚኒባሱን ሞላው። የኮክ ሽታ። የበሰለ፣ ጣፋጭ፣ አፍ የሚያስከፍት የኮክ ሽታ።

እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። የእኔ ብስባሾች የሉም። በቦታቸው ጉንጫቸው የቀላ፣ ታጥበው የተወለወሉ ኮኮች እያንዳንዳቸው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው፣ ለምለም ቅጠል ላይ እንደ ሙሽራ ተኝተዋል። በላያቸው ለመንገዴ ተብሎ አንድ ድፎ ዳቦ ተቀምጧል።

ሁሉም ሰው እኔን አየኝ። በእኛ አገር ሰው ሌባም ሆኖ ይኖራል፣ ውሸታምም ሆኖ ይኖራል፤ መንገድ ላይ ምግብ ደብቆ ለብቻው የሚበላ ግን ሰው አይባልም። ሐጂ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ላለማካፈል ብለህ የአላህን ሲሳይ በሽታ ትላለህ? አስተግፊሩላህ!»

«ሐጂ፣ እውነቴን ነው፣ ተቀይሮብኝ ነው…»

«ይሄን ኮክ ማን ይቀይርብሃል? የቀየረብህንስ ምን ይሉታል? በሽታ ወስዶ ኮክ የሚሰጥ ሌባ አለ እንዴ!»

ባስረዳሁ ቁጥር ስስቴ ባሰ። ምን ልበል? ሳጥኑን ገፋሁላቸው። ሐጂ ሰይድ ቢስሚላህ ብለው አንዱን ገመጡ፤ ጭማቂው ጢማቸው ላይ ወረደ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንዲህ ያለውን በሽታ አላህ አይንሳን!» አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል? ተሳፋሪው በላ፣ ሾፌሩ በላ፣ ፈታሹ ለጓደኛውም ጨምሮ ወሰደ። ከሳጥኑ ግርጌ የቀሩትን ጥቂቶች ክዳኑን ደፍቼ፣ ላዩ ላይ ተቀምጬ አተረፍኳቸው።

አቀስታ ስንደርስ ወርጄ ደወልኩ።

«እማ፣ የበሰበሱት ኮኮችስ የት ሄዱ?»

«አቃጠልኩልህ!» አሉኝ፤ ደስታቸው በስልኩ ውስጥ ያስተጋባል። «አንተ ወንድ ነህ፣ አላስተዋልከውም። የዘሃራ አማች ለተማረች ሴት ብስባሽ ተሸክሞ ሄደ ቢባል እኔ የት እገባለሁ? ሰው ቤት የሚኬደው ምርጡ ተይዞ ነው። ከነዚያው ዛፎች ደህና ደህናውን ነው የለቀምኩልህ።»

ሰው እናቱ ላይ ቢጮህ ነገ ይታረቃል። ሚስቱ ላይ ቢጮህ መደብ ላይ ያድራል። አማቱ ላይ የጮኸ ሰው ምን እንደሚሆን ግን አይታወቅም፤ ሞክሮ የተመለሰ የለማ። «አላህ ይስጥልኝ፣ እማ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ሜዳው ላይ ቆሜ፣ በዚያ በአቀስታ ብርድ፣ ላብ አጠመቀኝ። ዛፎቹ ሊቆረጡ ነው፤ የመዳኛቸው ማስረጃ ተቃጥሏል፤ እኔ ደግሞ ጤነኛ ፍራፍሬ ይዤ ወደ በሽታ ተመራማሪ እየሄድኩ ነው። ብመለስስ ምን እላለሁ? ቢያንስ ለዶክተሯ ኮኩን አበርክቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ስህተት ሁሉ ተራውን ጠብቆ ጎበኘኝ። አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ መንገዱን ዘጋና ፀሐይ ላይ ተቀቀልን። በረዶው ውሃ ሆነ። ሾፌሩ ለሳጥኑ አዘነለትና ከጎኑ፣ ሞተሩ ላይ አስቀመጠልኝ፤ እንቁላል የሚጠበስበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ስገባ ላቦራቶሪው የዕረፍት ቀን ሆኖ ተዘግቷል። የአጎቴ ልጅ ቤት አረፍኩ፤ ሳጥኑንም ከአልጋ ሥር አስገብቼ ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ላቦራቶሪው ሲከፈት ይቅርታዬን ገና ከበሩ ጀመርኩ። «ዶክተር ሰብለ፣ ናሙናው… እንደው ነገሩ… አማቴ ለአንቺ ብለው… ኮክ ትወጃለሽ?»

እሷ ጓንት አጥልቃ ክዳኑን ከፍታ ነበር። ጨርቁን ገለጠች። ከዚያ «ኧረ ኑ፣ ኑ እዩ!» ብላ የሥራ ባልደረቦቿን ጠራች።

እኔም በትከሻቸው መሐል ተንጠራርቼ አየሁ። የእማ ዘሃራ ሙሽሮች ቡናማ ሆነዋል። በእያንዳንዳቸው ጉንጭ ላይ ያ አመድ የመሰለ ሻጋታ፣ ያ ያወቅሁት ጠላቴ፣ ክብ በክብ ተደርድሮ አብቧል። በሕይወቴ የበሰበሰ ነገር አይቼ እንደዚያ ቀን ልቤ ዘሎ አያውቅም።

«ማነው ያዘጋጀው?» አለች ዶክተር ሰብለ።

«አማቴ ናቸው።»

«የት ነው የሚሠሩት?»

«ጓሯቸው ውስጥ።»

እንዳስረዳችኝ ይህ ፈንገስ ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ ገብቶ ይደበቃል። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይነሳል። እኔ የለቀምኳቸው አሮጌ ብስባሾች ቢመጡ ኖሮ የአገሩ ሻጋታ ሁሉ የሰፈረባቸው ስለሚሆኑ ለመለየት መከራ ነበር። እነዚህ ግን ታጥበዋል፣ ለየብቻ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለዋል፣ ሞቋቸዋል፣ ወዝተዋል፤ ስለዚህ ከውስጥ የወጣው እሱ ብቻውን ነው። «እንዲህ አድርጎ ያመጣልን ሰው የለም» አለችኝ። ጭቃውን፣ ሞተሩን፣ አልጋውን አሰብኩ። ኮቴን አስተካክዬ «እኛ ጋ አሠራራችን እንዲህ ነው» አልኳት።

ፈንገሱን ከአንዲት የዘር ቅንጣት ጀምራ ለብቻው አሳደገችው፤ ከዚያ ዘረመሉን አውጥታ አስነበበችው። ማሽኑን ለማየት ስል ሰነበትኩ። የበሬ ያህል ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ከእጅ ስልኬ አይበልጥም። ፊደሎቹ ኮምፒውተሩ ላይ ሲንጋጉ ቆሜ አየሁ። አንዱም አልገባኝም፤ ግን ያ የማን ልጅ ነህ ሲባል አልመልስ ያለ ባለጌ በመጨረሻ አፉን ሲከፍት ማየት እንዴት ያስደስታል!

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደወለች። እኔ ቢሮ ነበርኩ፤ ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

«አዲስ መጤ አይደለም። የታወቀ የኮክ አበስባሽ ነው፤ ቤተሰቡንም አግኝተነዋል። ስትረጭ የነበረውን መድኃኒት የሚቋቋምበት ለውጥ ዘረመሉ ላይ የለም።»

«ታዲያ ስረጨው ለምን አልሞተም?»

«የደረቁ ፍሬዎች ዛፉ ላይ ትተዋላችሁ? በየዓመቱ የሚያድረው እነሱ ውስጥ ነው። እነሱን አውርዱና አቃጥሉ፤ ከዚያ መድኃኒቱ ይበቃዋል።»

የወፍ ድርሻ! እማ ዘሃራ ዛፍ ላይ የቀረውን ፍሬ አያወርዱም፤ «የወፍ ድርሻ ነው» ይላሉ። እኔም ባለሙያው አንድ ጊዜ «እማ፣ ስለ ወፎቹ ድርሻ…» ብዬ ጀምሬ ነበር። «ወፎቹ ምን አሉህ?» አሉኝ፤ ምንም አላሉኝም ብዬ ተውኩት። አማትን ሰደቃዎ በሽታ ነው የሚል አንደበት ከየት ይመጣል?

አሁን ግን ሰፈሩ ከዛፎቹ ሥር ተሰብስቧል። ጋሽ ይመር መጥረቢያውን ይዘው ነው የመጡት፤ ለመቀመጫ ነው ቢሉም አንድም ሰው አላመናቸውም። የዶክተሯን ቃል ተናገርኩ። አዲስ መጤ አይደለም ስል ሰዉ አጉረመረመ። መድኃኒቱ ይገድለዋል ስል ጋሽ ይመር መጥረቢያውን ከጉልበታቸው አወረዱ። የደረቁት ፍሬዎች ጋ ስደርስ ወደ እማ ዘሃራ ዞርኩ።

«እማ… ወፎቹ… ደረቁን ብዙም አይበሉትም። ሻጋታው ነው ቤት የሠራበት።»

ቀና ብለው ከቅርንጫፎቹ ላይ የተንጠለጠሉትን ጥቁር ጭምዳዶች ለረጅም ጊዜ አዩ። እኔ በልቤ ዕቃዬን ሸክፌ ከቤታቸው ወጣሁ።

«ያ ረቢ» አሉ በመጨረሻ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ለወፍ ደረቅ ስሰጥ የነበርኩት እኔ ነኝ? ሰደቃ ከምርጡ አይደል እንዴ!» ተነስተው ረጅም ዘንግ አነሱና የመጀመሪያውን ደረቅ ፍሬ ራሳቸው መትተው ጣሉት። ከዚያ ዘወር ብለው «ይመር፣ ያን መጥረቢያ አስቀምጥና ክብሪት አምጣ!» አሉ።

ጋሽ ይመር አመጡ። ያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ ዛፍ ለዛፍ ዘንግ ይዞ ዋለ፤ ጭሱ ከገበያው ታየ። እማ ዘሃራ ከትልቁ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ መርጠው «ይሄ የወፎቹ ነው፤ ሲበስል፣ ከነጭማቂው ይብሉት። የተረፋቸው ግን አያድርም» ብለው አወጁ።

በበልጉ ኮኩ ቅርንጫፉን አጎበጠው። ቡናማ ነጥብ ስፈልግ አንገቴ ተጣመመ፤ አጣሁ። ገበያ ላይ ያ የማያፍር ሰውዬ ስለ ስንዴው ሊያማክረኝ ኮቴን ይዞ ጎተተኝ፤ ትንሽ ቀጠሮ አበዛሁበት።

ዶክተር ሰብለ ደውላ፣ ፈንገሱ ወደፊትም ለጥናት ተቀምጦ ስለሚኖር መለያ ስም ያስፈልገዋል፣ በእማ ዘሃራ ስም ይሁን ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳቸው።

«አዑዙ ቢላህ! በስሜ ሻጋታ?» አሉ። ትንሽ አሰቡና ዓይናቸው ሳቀ። «ይመር በሉት። ዛፌ ላይ መጥረቢያ ይዞ የመጣ እሱ ነው።»

ተባለ። ጋሽ ይመር ሲሰሙ ይጣሉናል ብዬ ሰግቼ ነበር። እሳቸው ግን በማግስቱ ነጭ ጋቢ ለብሰው ገበያ ወጡ፤ ላገኙት ሁሉ «ስሜ አዲስ አበባ ገብቷል፣ ተመራማሪዎች ያነቡታል» ይላሉ። ማታውኑ እማ ዘሃራ ጓሮ መጥተው፣ ሊያስቆርጡት ከነበረው ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ጭማቂው እስከ ክርናቸው እየወረደ ኮክ በሉ። እማ ዘሃራም ትልቅ ትልቁን እየመረጡ ሰጧቸው።